ትንሿ የእንፋሎት ባቡር

ባቡር የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም። በገጠር ወፍጮውን ባቡር እንለዋለን። «እህሉን ባቡር አድርሰሽ ነይ» ሲባል ማንም ወደ ሐዲድ አይሄድም፤ ወደ ወፍጮ ቤት ነው የሚሄደው። በሐዲድ ላይ የሚሄደውንም ባቡር እንለዋለን። ሁለቱ ለምን በአንድ ስም ተጠሩ? ቃሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ፈረንሳዮች «ቫፐር»፣ ጣሊያኖች «ቫፖሬ» ይላሉ፤ ትርጉሙ እንፋሎት ነው። በዓረብኛ በኩል ዞሮ ወደ እኛ ሲደርስ ባቡር ሆነ። እንግዲህ ባቡር ስንል ሳናውቀው እንፋሎት ማለታችን ነው። ዛሬ ወፍጮው የሚዞረው በናፍጣ ወይም በመብራት ኃይል ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡርም በኤሌክትሪክ ይሠራል። እንፋሎቱ ቀረ፣ ስሙ ግን ቆየ።

በዚህ ትምህርት ስለ እንፋሎት ባቡር እንማራለን። የምንማረው ግን በይበልጥ ስለ ትንሿ ነው። በእንግሊዝ አገርና በሌሎችም አገሮች፣ በጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በገዛ እጃቸው ትንንሽ የእንፋሎት ባቡሮች የሚሠሩ ሰዎች አሉ። አንዳንዱ ጡረታ የወጣ ሠራተኛ ነው፤ አንዳንዱ አስተማሪ፣ አንዳንዱ ሐኪም ነው። የሚሠሯት ባቡር የልጅ መጫወቻ እንዳትመስላችሁ። ከሰል ትበላለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ታፏጫለች፣ ሰው ትጎትታለች። ካላወቁባት ደግሞ ትፈነዳለች።

የድስቱን ክዳን የሚያነሳው ምንድን ነው?

ድስት ጥዳችሁ ክዳኑን ስትገጥሙት፣ ውሃው ሲፈላ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል። ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ክዳኑን የሚያነሳው እንፋሎት ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ብዙ ቦታ ይፈልጋል። አንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ሲሆን 1600 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። አንድ በርሜል 200 ሊትር የሚይዝ ከሆነ፣ በአንድ ሊትር ጣሳ የነበረው ውሃ ስምንት በርሜል ሞላ ማለት ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ በጠባብ ዕቃ ውስጥ አፍነን ብንይዘው ምን ይሆናል? ዕቃውን ይገፋል። መውጫ ይፈልጋል። የእንፋሎት ባቡር ጥበብ፣ ለዚህ ግፊት እኛ የምንፈልገውን መውጫ መስጠት ነው።

ውሃው የሚፈላበት ትልቅ የብረት ጋን ቦይለር ይባላል። ከኋላው በኩል ምድጃ አለው። የምድጃው እሳት በቀጥታ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ቦይለሩን ከኋላ ወደ ፊት አቋርጠው በሚያልፉ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይሄዳል። ቱቦዎቹ በውሃ የተከበቡ ናቸው። በጀበና ሥር እሳት የሚነካው ቂጡን ብቻ ነው፤ በቦይለር ውስጥ ግን እሳቱ በውሃው መካከል ያልፋል። ስለዚህ ውሃው ቶሎ ይፈላል። እ.ኤ.አ. በ1829 በእንግሊዝ አገር በተደረገ የባቡሮች ውድድር ያሸነፈችው «ሮኬት» የምትባል ባቡር 25 የመዳብ ቱቦዎች ነበሯት። ከእርሷ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ አንድ ወይም ሁለት ሰፊ ቱቦ ብቻ ነበራቸው።

ከቦይለሩ የወጣው እንፋሎት ወደ ሲሊንደር ይገባል። ሲሊንደር ውስጡ የለሰለሰ ክብ ቧንቧ ነው። በውስጡ ልክ የገጠመ ፒስተን አለ። እንፋሎቱ በአንድ በኩል ሲገባ ፒስተኑን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ በሌላ በኩል ሲገባ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ ነው። ፒስተኑ የሚሄደው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው። መንኰራኩሩ ግን መዞር አለበት። ሁለቱን የሚያገናኘው መካኒኮቻችን ቢየላ የሚሉት ረጅም ብረት ነው። የልብስ ሰፊውን የእግር ሲንጀር አስታውሱ። እግር ከፍ ዝቅ ይላል፣ መንኰራኩሩ ግን ይዞራል። ነገሩ አንድ ነው።

ሲንጀርን ካነሳን አይቀር ሌላም ነገር ታስተምረናለች። መርገጫው ልክ ጫፍ ላይ ሲቆም ብትረግጡት አይነሳም። ሰፊው መጀመሪያ መንኰራኩሩን በእጁ ገፋ ያደርጋል። ባቡርን ግን ማን ገፋ ያደርግላታል? ለዚህ የተገኘው ዘዴ ቀላል ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ሲሊንደሮች አሏት። የአንዱ ክንድ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሌላው በሩብ ዙር ቀድሞ መካከል ላይ ይሆናል። አንዱ ሲቸገር ሌላው ጉልበቱን ሙሉ ይሰጣል። ስለዚህ ባቡሯ የትም ቦታ ብትቆም ትነሳለች።

ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ወዴት ይሄዳል? ዝም ብሎ አይጣልም። በጭስ ማውጫው ሥር ባለች ጠባብ አፍ በኩል ወደ ላይ ይተፋል። ወደ ላይ ሲተፋ ጭሱን አብሮ ይጎትታል፤ ጭሱ ሲሄድ ደግሞ ንጹሕ አየር በምድጃው ሥር ይገባል። እሳቱ ይነዳል። ባቡሯ በከበዳት መጠን ትንፋሿ ይበረታል፤ ትንፋሿ በበረታ መጠን እሳቷ ይነዳል። የራሷን ወናፍ ራሷ ትነፋለች ማለት ነው። ያ «ቹፍ፣ ቹፍ» የሚለው ድምፅ ይኸው የወናፉ ድምፅ ነው። ሁለት ሲሊንደር ያላት ባቡር መንኰራኩሯ አንድ ጊዜ ሲዞር አራት ጊዜ ትተነፍሳለች። እኛ ከእንፋሎት ባቡር ሥራ ሁሉ ይህን ዘዴ እናደንቃለን።

ጉልበቷን በቁጥር እናስላ። የአንዲት ትንሽ ባቡር ፒስተን ወርዱ 3 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ከቢራ ጠርሙስ አፍ ትንሽ ይሰፋል። የፊቱ ስፋት 7 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እንፋሎቱ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ በ5 ኪሎ ቢገፋ፣ 7 ጊዜ 5፣ 35 ኪሎ ነው። ከኩንታል ሲሦ የሚበልጥ ክብደት በአውራ ጣት ከምትሸፈን ብዙም በማትሰፋ ፒስተን ላይ ይገፋል ማለት ነው። ብረት መንኰራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ደግሞ በቀላሉ ይንከባለላል። ስለዚህ ትንሿ ባቡር ብዙ ሰዎች ጭና ብትሄድ አይግረማችሁ።

ከጭቃ ሞተር የሠራው እረኛ

ታሪኩን ስንመረምር ትንሿ ከትልቋ ቀድማ እናገኛታለን። ዊልያም መርዶክ የሚባል የስኮትላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1784 ሦስት እግር ያላት፣ በመብራት ነበልባል የምትሞቅ አንዲት ትንሽ የእንፋሎት ጋሪ ሠራ። ቁመቷ ከአንድ ክንድ አይበልጥም ነበር። ሪቻርድ ትሬቪቲክ የተባለው ደግሞ መጀመሪያ ትንንሾቹን ሠርቶ ሞከረ፤ ኋላም ትልቁን ሠራ። እ.ኤ.አ. የካቲት 1804 በዌልስ አገር የእርሱ ባቡር 10 ቶን ብረትና 70 ሰዎች ጭና በሐዲድ ላይ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደች። አራት ሰዓት ያህል ፈጀባት። ክብደቷ ግን የዚያን ጊዜውን ሐዲድ ይሰባብረው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚነካን የጆርጅ ስቲቨንሰን ታሪክ ነው። ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1781 በሰሜን እንግሊዝ ተወለደ። አባቱ በከሰል ማዕድን ውሃ የሚስበውን ሞተር እሳት ያነድ ነበር። አባቱም እናቱም ማንበብና መጻፍ አያውቁም። ልጁም ትምህርት ቤት አልገባም፤ ላም ይጠብቅ ነበር። የሕይወት ታሪኩ እንደሚያወሳው፣ ከላሞቹ ኋላ ሆኖ ከጓደኛው ጋር ከጭቃ ሞተር ይሠራ ነበር። ካደገም በኋላ እንደ አባቱ የሞተር ሠራተኛ ሆነ። ሞተሩን በዕረፍት ቀን እየፈታ ያጸዳዋል፣ መልሶ ይገጥመዋል። እየፈታ እየገጠመ ሆዱን አወቀው።

ነገር ግን አንድ ግድግዳ ገጠመው። ስለ አዳዲስ ሞተሮች የተጻፈ መጽሐፍ እንዳለ ይሰማል፤ ማንበብ ግን አይችልም። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው ከሥራ በኋላ የማታ ትምህርት ገባ። ከደመወዙ ከፍሎ፣ በሳምንት ሦስት ማታ ፊደል ቆጠረ። ስሙን መጻፍ ቻለ። ሒሳቡን በሰሌዳ ይዞ ይሄድና ሞተሩ አጠገብ ጊዜ ሲያገኝ ይሠራ ነበር። ገቢው ስለማይበቃውም ጫማ ይሰፋ፣ ሰዓት ይጠግን ነበር። ቤቱ ወርክሾፕ ነበር ብንል አልተሳሳትንም።

እ.ኤ.አ. በ1811 ኪሊንግወርዝ በተባለ ቦታ አንድ ውሃ የሚስብ ሞተር እምቢ አለ። ጉድጓዱ በውሃ ተሞላ። የተጠሩት ባለሙያዎች ሁሉ አቃታቸው። ስቲቨንሰን ፈታው፣ አስተካከለው፣ ገጠመው፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ጉድጓዱ ደረቀ። ከዚያ በኋላ የማዕድኑ ሞተሮች ሁሉ ኃላፊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1814 የመጀመሪያዋን ባቡሩን ሠራ። በ1825 የስቶክተንና የዳርሊንግተን መሥመር በእርሱ መሪነት ተከፈተ። ያቺን ቀደም ብለን የጠቀስናትን «ሮኬት»ን የሠሩት እርሱና ልጁ ሮበርት ናቸው። ሮበርት ትምህርት ቤት ገብቶ መጻሕፍት ይዞ ወደ ቤት ሲመጣ አባትየው አብሮት ያነብ ነበር። ከልጅ መማር ምን ነውር አለው?

ወደ አገራችን የመጣው ባቡርም በእንፋሎት የሚሄድ ነበር። ከጅቡቲ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀመረ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በ1950ዎቹ የናፍጣ ባቡሮች እስኪተኩት ድረስ የባቡሩ ሠራተኞች እሳት ያነዱ፣ ውሃ ይሞሉ ነበር። የጥገናው ዋና ቦታ ድሬዳዋ ነበር። ብዙ ኢትዮጵያውያን ብረት መቅረጽን የተማሩት በዚያ ነው።

አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እናንሳ። በእኛ አገር ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራልን ሰው «ቀጥቃጭ» ተብሎ ይናቅ፣ «ቡዳ» ተብሎ ይታማ ነበር። በሠራው ማረሻ እናርሳለን፣ ከእርሱ ጋር ግን አንጋባም። ስቲቨንሰን በእኛ መንደር ቢወለድ ኖሮ ምን ስም እናወጣለት ነበር?

እንዴት ይሠሯታል?

እ.ኤ.አ. በ1898 በለንደን «ሞዴል ኢንጂነር» የሚባል መጽሔት መታተም ጀመረ። ያቋቋመው ፐርሲቫል ማርሻል ነው። መጽሔቱ ለተራ ሰው ይጻፍ ነበር። በ1920ዎቹ ደግሞ «ኤል.ቢ.ኤስ.ሲ.» በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ አንድ ሰው ተነሳ። ከዚያ በፊት ብዙ ሰዎች ትንሽ ባቡር በእውነተኛ ከሰል ሰው መጎተት አትችልም ይሉ ነበር። እርሱ ሠርቶ አሳየ። ከዚያም አሠራሩን በየክፍሉ፣ በተራ ንግግር፣ ከሥዕል ጋር አድርጎ ጻፈው። ይህን ቁረጥ፣ ይህን ብሳ፣ ይህን እንዲህ ግጠም ይላል። ብረት ነክተው የማያውቁ ሰዎች እያነበቡ ባቡር ሠሩ።

ብዙዎች የሚሠሩት በ127 ሚሊ ሜትር ስፋት ሐዲድ ላይ የምትሄደውን ነው። ይህ ከአንድ ጋት ትንሽ ይበልጣል። የትልቁ ባቡር ሐዲድ ስፋት በብዙ አገር 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ትንሿ የትልቋን አንድ አሥራ ሁለተኛ ያህል ትሆናለች። 18 ሜትር የምትረዝም ባቡር 1 ሜትር ተኩል ትሆናለች ማለት ነው። ክብደቷስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአሥራ ሁለት የሚካፈል ይመስለዋል። ነገር ግን ርዝመቷም፣ ወርዷም፣ ቁመቷም በአሥራ ሁለት አንሷል። 12 ጊዜ 12 ጊዜ 12፣ 1728 ነው። 60 ቶን የሆነችው ባቡር፣ ማለት 60,000 ኪሎ፣ ለ1728 ሲካፈል 35 ኪሎ ያህል ይደርሳል። በተግባር ግን ከዚህ ትከብዳለች። የቦይለሩን ብረት በዚያው መጠን ብናሳሳው ወረቀት ይሆናልና። ሰው ዕቃን ያሳንሳል እንጂ እሳትና ውሃን ሊያሳንሳቸው አይችልም።

ሥራው የሚጀመረው ከአካሉ ነው። ሁለት የብረት ሰሌዳዎች በግራና በቀኝ ይቆማሉ። ሁለቱ ልክ አንድ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ተደራርበው በብሎን ይታሰሩና አብረው ይቆረጣሉ፣ አብረው በሞረድ ይሞረዳሉ፣ አብረው በትራፓኖ ይበሳሉ። መንኰራኩሮቹ ከቀለጠ ብረት በቅርጽ የተቀዱ ናቸው፤ ሠሪው ገዝቷቸው በቶርኖ ላይ ያስተካክላቸዋል። ቫልቩ የሚንሸራተትበት ፊት ፍጹም ልስልስ መሆን ስላለበት፣ ወፍራም መስታወት ላይ የደቀቀ መሞረጃ ተደርጎ ቀስ እየተባለ ይፈተጋል። ሲሊንደሩ ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ በታመቀ አየር ይሞከራል። መንኰራኩሩ ያለ እሳት ሲዞር ያየ ሠሪ ያን ሌሊት አይተኛም ይባላል። ሥራው ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጃል።

የትንሿ ባቡር ቦይለር ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከመዳብ ነው። ቀጥቃጮቻችን አረብ ብረትን አግለው ውሃ ውስጥ ሲነክሩት እንደሚጠነክር ያውቃሉ። መዳብ ግን ተቃራኒው ነው። አግለው ቢነክሩት ይለሰልሳል። በመዶሻ ሲመታ ደግሞ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ካልተጠነቀቁ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሠሪው ትንሽ ይቀጠቅጣል፣ ያግላል፣ ይነክራል፣ ደግሞ ይቀጠቅጣል። መጋጠሚያዎቹ የሚያያዙት ብር ባለበት መበየጃ ነው። ተራው የቆርቆሮ ሠሪ ስታኞ በእሳት አጠገብ ቶሎ ስለሚቀልጥ ለዚህ አይሆንም። ከብየዳው በኋላ መዳቡ ውሃ በበዛበት አሲድ ይጸዳል። አሲዱ ወደ ውሃው ቀስ ተብሎ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ ፈጽሞ አይጨመርም፤ ፈልቶ ፊት ያቃጥላል።

ቦይለሩ ሲያልቅ እሳት ከማየቱ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ይፈተናል። እስከ አፉ በውሃ ይሞላና በእጅ ፓምፕ ከሚሠራበት ግፊት እጥፍ ይጫንበታል። በ5 ኪሎ የሚሠራ ከሆነ በ10 ኪሎ ይፈተናል። ለምን በአየር አይፈተንም? አየር ሲታመቅ እንደተጠመደ ወጥመድ ነው፤ ዕቃው ቢሰነጠቅ ፈንድቶ ይበታተናል። ውሃ ግን አይታመቅም። ስንጥቅ ቢኖር ጠብ ይላል፣ ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል፣ ማንም አይጎዳም። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ ባቡር በሕዝብ መካከል ከመሄዱ በፊት ቦይለሩ በማኅበሩ ፈታሾች ታይቶ ወረቀት ማግኘት አለበት። ከዚያም በኋላ በየጊዜው እንደገና ይፈተናል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? በተከፈተ ድስት ውስጥ ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ አይሞቅም። በደጋ አገር እንዲያውም ከዚያ በታች ይፈላል። በ5 ኪሎ ግፊት የታፈነ ውሃ ግን ወደ 160 ዲግሪ ይደርሳል። ዕቃው ቢከፈት ያ ውሃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ስምንቱን በርሜል አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1831 በአሜሪካ አገር፣ በደቡብ ካሮላይና፣ «የቻርልስተን ምርጥ ጓደኛ» በምትባል ባቡር ላይ እሳት የሚያነድ ሠራተኛ ነበር። ትርፍ እንፋሎት የሚያስወጣው የደኅንነት ቫልቭ ሲያፏጭ ሰለቸው። ፉጨቱ እንዲቆም ቫልቩን አፈነው። ፉጨቱ ቆመ። ቦይለሩ ፈነዳ፣ ሰውየውም ሕይወቱን አጣ።

ቶርኖና እንክብካቤው

በጓሮ ወርክሾፕ ውስጥ ዋናው መሣሪያ ቶርኖ ነው። አናጢ ሲልግ እንጨቱ ቆሞ መላጊያው ይሄዳል። በቶርኖ ግን ብረቱ ይዞራል፣ ስለቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። ብረቱ በዞረ ቁጥር እንደ ድንች ልጣጭ እየተላጠ ክብ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም አጠገብ ቢስተን በምትባል ከተማ ማይፎርድ የተባለ ፋብሪካ ከ1946 ጀምሮ የሠራው አንድ ዓይነት ትንሽ ቶርኖ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ በጣም የታወቀ ነው። ከእነዚያ መካከል ከሰባ ዓመት በኋላም የሚሠሩ አሉ። አሥር ዓመት ሳይሞላው የተበላሸም አለ። ፋብሪካው አንድ፣ ብረቱ አንድ፤ ልዩነቱ የያዘው ሰው ነው።

የቶርኖ ትልቁ ጠላት አቧራ ነው። ከመሳያ ድንጋይ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ራሱ ሞረድ ይሆናል። ተንሸራታቹን ክፍል በላዩ ሲመላለስ እየበላው ይሄዳል። ስለዚህ መሳያው ከቶርኖው ርቆ ይቀመጣል። ከሥራ በፊት የሚንሸራተትበት ሐዲድ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ ቀጭን ዘይት ይቀባል። ከሥራ በኋላም እንዲሁ። አንዳንድ ሰው በዘይት ፈንታ ግራሶ ይለጥፍበታል፤ ብዙ የሠራለት ይመስለዋል። ግራሶ አቧራውን ይዞ ያስቀራልና ለዚህ ቦታ አይሆንም።

ቺንጋው በጣም ከላላ ይንሸራተታል፣ ይግላል። በጣም ከተወጠረ ደግሞ ኩሽኔታውን ይገድላል። በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ እጅ መስጠት አለበት። የወፍጮ ቤት ባለቤቶች ይህን ያውቁታል። ተንሸራታቹ ሲላላ ደግሞ ስለቱ ይንቀጠቀጥና ብረቱ ላይ እንደ ትልም መሥመር ያወጣል። በጎኑ ያሉት ትንንሽ ብሎኖች እኩል ይጠብቃሉ፤ ሳይከብድ ሳይላላ ሲሄድ ዳዶዎቹ ይታሰራሉ።

ቶርኖው በተጣመመ ወለል ላይ ከቆመ ራሱም ይጣመማል። እንዴት ይታወቃል? አንድ ስንዝር ያህል ወፍራም ብረት ይታሰርና ከጫፍ እስከ ጫፍ በስሱ ይላጣል። ከዚያ ሁለቱ ጫፎች በካሊብሮ፣ ካለም ከዚያ በላይ በሚያጣራ መለኪያ ይለካሉ። አንዱ ከሌላው ከወፈረ አቋሙ መስተካከል አለበት። ከእግሩ ሥር ስስ ቆርቆሮ እየተደረገ ይሞከራል፣ እንደገና ይለካል።

ዝገት በሌሊት ይመጣል። ብረት በብርድ ሲያድር ጠዋት ያልበዋል። ስለዚህ ዘይት ይቀባና በጨርቅ ይሸፈናል። ላስቲክ ግን እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። የአሲዱን ዕቃ በዚያው ክፍል ያስቀመጠ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ መሣሪያው ሁሉ ቀይ ሆኖ ያገኘዋል፤ ትነቱ ይበቃል።

አሁን ስለ ሰውየው እናውራ። ቶርኖ የያዘውን አይለቅም። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ረጅም እጅጌ፣ የተንጠለጠለ ክር ካገኘ ጠቅልሎ ይጎትታል። ጓንትም ቢሆን አይደረግም፤ እጅን ይዞ ይገባል። የብረቱ ፍቅፋቂ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ ቶርኖው ቆሞ በብሩሽ ወይም በሜንጦ ይነሳል እንጂ በእጅ አይነካም። ብረቱን አፍኖ የሚይዘው መንጋጋ የሚጠብቅበት ቁልፍ አለ። ያ ቁልፍ እዚያው ተሰክቶ ተረስቶ ቶርኖው ከተነሳ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወረወራል። ስለዚህ ልማዱ አንድ ነው፤ እጅ ከቁልፉ ከመለየቱ በፊት ቁልፉ ከመንጋጋው ይወጣል። መነጽር ሳያደርጉ መሳያ ፊት መቆምም ዓይንን በቁማር እንደማስያዝ ነው።

እሳት የሚለኮስበት ቀን

ቦይለሩ በንጹሕ ውሃ ይሞላል። የዝናብ ውሃ ጥሩ ነው። የምንጭ ውሃ ብዙ ጊዜ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ነጭ ቅርፊት ይተዋል። በአሽከርካሪው ፊት ቀጭን የመስታወት ቱቦ አለ፤ በቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከፍታው በዚያ ይታያል። ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ይህ መስታወት ነው። የምድጃው ጣራ ሁልጊዜ በውሃ መሸፈን አለበት። ውሃ ከላዩ ካለ እሳቱ ሊያቀልጠው አይችልም፤ ሙቀቱን ውሃው ይወስደዋል። ውሃው ከወረደ ግን መዳቡ ይለሰልሳል፣ ግፊቱ ወደ ውስጥ ይሰብረዋል። መስታወቱም ቆሻሻ ከዘጋው ይዋሻል፤ ውሃ ሳይኖር ያለ ያስመስላል። ስለዚህ ከሥሩ ያለችው መክፈቻ እየተከፈተች ውሃው ወርዶ ተመልሶ መውጣቱ ይታያል። ውሃ የሚጨመርበት መንገድም አንድ ብቻ አይደለም፤ አንዱ እምቢ ቢል ሌላ መኖር አለበት።

መጀመሪያ በጋዝ የራሰ እንጨትና ከሰል ይለኮሳል። ባቡሯ ገና እንፋሎት ስለሌላት ወናፏን መንፋት አትችልም፤ ስለዚህ በጭስ ማውጫዋ ላይ ትንሽ መንፊያ ይቀመጥና ጭሱን ይስባል። እሳቱ ሲይዝ የድንጋይ ከሰል በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን መርፌው ይነሳል። የደኅንነት ቫልቩ በተወሰነለት ግፊት ላይ መከፈቱ ይታያል። ካልተከፈተ እሳቱ ይወጣል፣ የዚያን ቀን ጉዞ የለም።

ከመነሳቷ በፊት የሲሊንደሮቹ ማፍሰሻ ይከፈታል። በቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ እንፋሎት ወደ ውሃ ይመለሳልና። ውሃ እንደማይታመቅ አይተናል፤ ታፍኖ ከቀረ የሲሊንደሩን ክዳን ይሰብራል። ከዚያ እጀታው ቀስ ተብሎ ይከፈታል። ባቡሯ ውሃውን በጎኗ እየተፋች ትነሳለች። አሽከርካሪው ከኋላዋ በተቀጠለ ዝቅተኛ ጋሪ ላይ እግሩን ግራና ቀኝ አድርጎ ተቀምጧል። ዓይኑ መጀመሪያ ወደ ውሃው፣ ቀጥሎ ወደ እሳቱ፣ ከዚያ ወደ ግፊቱ መርፌ ይሄዳል፤ መንገዱንም ይመለከታል። ልጆች ከኋላው ተደርድረዋል።

ማታ ሲሆን እሳቱ ይወጣል፣ አመዱ ይጠረጋል። ቱቦዎቹ በረጅም ብሩሽ ይጸዳሉ፤ ጥላሸት እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ይከለክላልና። ግፊቱ ሲወርድ፣ ቦይለሩ ገና ሞቅ እንዳለ ውሃው ይለቀቃል። የቀረው ሙቀት ውስጡን ያደርቀዋል። ቢየላዎቹና መንኰራኩሮቹ በጨርቅ ይጠረጉና ዘይት ይቀባሉ፣ የላላ ብሎን እንዳለ በጣት ይዳሰሳል። ከዚያ ባቡሯ ከቶርኖው አጠገብ ወደ መደርደሪያዋ ትመለሳለች።